እርም በሹክሹክታ

የደን አስጎብኚዎች በገበያ መሃል ወዲያው ይታወቃሉ። ሽንኩርት ሲገዙ እንኳ በሹክሹክታ ነው፤ ሻጩ ጆሮውን ካላስጠጋ ባዶ ዘንቢል ይዘው ይመለሳሉ። ከጎሽ በር ደን ሥር ባለችው ከተማ ሰው ይህን ለምዶታል፤ ሥራ የፈቱ ጎረምሶች ብቻ አንዳንዴ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «እሽሽ!» እያሉ ያሾፉባቸዋል። ዘርትሁን ሽፈራው ከእነዚህ አስጎብኚዎች አንዷ ናት። እናቷ በሕይወት ሳለች፣ «ኧረ ልጄ፣ እኔ ደን አይደለሁም፤ ጮክ ብለሽ አናግሪኝ!» እያለች ትቆጣት ነበር። ዘርትሁን ትሞክራለች፣ አልሆን ይላታል።

ጎሽ በር የሕዝብ ደን ነው። በበሩ ላይ በትልልቅ ፊደል እንዲያ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ በትንንሽ ፊደል ያለ ፈቃድ መግባት እንደማይቻል። ዘርትሁን ከመወለዷ በፊት ሰው ይኖርበት፣ ማር ይቆረጥበት፣ ከብት ይሰማራበት ነበር ይባላል። ኋላ ዝናቡ እየራቀ ቆላው አመድ ሲመስል፣ ከየአገሩ የተረፉት ጥቂት ደኖች ተዘጉ። መዘጋታቸው ክፉ አልነበረም። ምንጮቹ ተመልሰዋል፤ ከደብረ ሲና በታች ያለው ሕዝብ ዛሬ የሚጠጣው ከዚያ የሚወርደውን ውኃ ነው፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን ደኑን የሚጠብቀው ባለሥልጣን መጥረቢያን ከልክሎ፣ እሳትን ከልክሎ፣ ከብትን ከልክሎ ሲያበቃ የቀረው የሰው ድምፅ ሆነ። ወፍ ጎጆዋን የምትለቀው፣ ድኩላ የምትጨነግፈው በሰው ድምፅ ነው ተባለና በየዛፉ ላይ ድምፅ የሚያዳምጥ የማሽን ጆሮ ተሰቀለ።

ጎብኚ በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ከሱፍ የተሠራ ለስላሳ ጫማ ያጠልቃል። ቅጠል እንኳ ይዞ እንዳይወጣ ሲገባም ሲወጣም ይመዘናል። እጁ ላይ አምባር ይታሰርለታል፤ ድምፁ በሹክሹክታ ልክ እስካለ ድረስ አምባሩ አረንጓዴ ነው፣ ከፍ ሲል ቢጫ፣ ካለፈ ቀይ። ቀይ ከበራ ጎብኚው አይጠየቅም። የሚጠየቀው ይዞት የገባው አስጎብኚ ነው፤ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ከዚያ ወዲያ እንደ ተራ ጎብኚም ቢሆን በዚያ በር አያልፍም። ይግባኝ የለውም። አስጎብኚዎች ይህን ስለሚያውቁ ከቤታቸው ጀምረው ያንሾካሹካሉ።

ዘርትሁን ደኑን ትወደዋለች። ነገሩን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይሻላል፤ ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም፣ ያላት ደኑ ነው። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ በጽዱ መሃል ሲያልፍ፣ ጉሬዛዎቹ ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ታያለች። ከኮሶው ሥር ከሚወርደው ምንጭ በመዳፏ ጠጥታ ጎብኚዎቿን ወደ ላይ ትመራለች። ፈቃዷ የሚታደስበት ወር ሲደርስ ግን እንደ ተፈታኝ ተማሪ ሆዷን ይቆርጣታል። አንድ ቀን ባይታደስስ የሚል ሐሳብ ከመጣባት እንቅልፍ አይወስዳትም።

የተበላሹትን ጆሮዎች እየዞረ የሚጠግን ማንደፍሮ የሚባል ሰው ነበር። ዘርትሁን በደኑ መንገድ ላይ ታገኘው ነበር፤ እንደ ወጉ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይተላለፋሉ። በክረምት፣ እንጨቱ ሁሉ ሙልጭልጭ በሚልበት ጊዜ፣ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ላይ ወድቆ ሞተ። የደኑ ደንብ ደግሞ ሕይወቱ በደኑ ክልል ውስጥ ያለፈ ማናቸውም ፍጥረት ከደኑ እንዳይወጣ ያዛል። ደንቡ የወጣው ለአዳኞች ነበር፤ ድኩላ ገድለው «ሞቶ አግኝተነው ነው» እያሉ ተሸክመው እንዳይሄዱ። የጻፉት ሰዎች ስለ ሰው አላሰቡም ይሆናል። ሰውን የሚለይ ቃል ግን አልጨመሩበትም፣ ባለሥልጣኑም እንደተጻፈ ፈጸመው። ሁለት ሠራተኞች በሱፍ ጫማ ሄደው ከዝግባው ሥር ቀበሩት። ለእናቱ ለትርንጎ አንዲት ትሑት የሴት ድምፅ በስልክ ደውላ አረዳቻት፣ እጅግ ማዘኗንም ገለጸችላት። የማሽን እንጂ የሰው ድምፅ አልነበረም።

ጎረቤት እንደሰማ ድንኳን ይዞ መጣ። ፎቶግራፉንና ኮቱን አውጥተን እናልቅስ አሉ፤ ሬሳው ያልተገኘ ሰው የሚለቀሰው እንዲያ ነው። ትርንጎ በሯ ላይ ቆማ መለሰቻቸው።

«አፈሩን ሳላይ ሞተ አልልም» አለች። «ሂዱልኝ። እርሜን የማወጣው ልጄ ካለበት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ጥቁር አልለበሰችም፣ ፀጉሯን አልተቆረጠችም፤ ምሳ ስታቀርብ የማንደፍሮን ድርሻ ለይታ ትከድናለች። መንገድ ላይ ያገኛት ሰው «እግዜር ያጥናሽ» ይበላት ወይስ «እንደምን ዋልሽ» ግራ ይገባዋል። አንዳንዱ እንዲያውም ገና ከሩቅ ሲያያት ሌላ መንገድ ይይዛል። ልጇን ቀብረውባት እሷ ግን ገና አልቀበረችውም፤ እንዲህ ያለው ሐዘን ደግሞ በሰው ውስጥ እንደ ተዳፈነ ፍም ነው።

ኅዳር ሲገባ ትርንጎ ወደ ዘርትሁን ቤት መጣች። ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም።

«አንቺ ታስገቢኛለሽ» አለች።

«እማማ ትርንጎ፣ ፈቃዱ የእኔ አይደለም እኮ።»

«ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።»

ዘርትሁን ጠጋ አለችና ደገመችላት።

«አውቃለሁ የአንቺ እንዳልሆነ» አለች ትርንጎ። «ጠይቂልኝ። ለእኔ ለብቻዬ አይሰጡኝም፤ አንቺ ግን የተመሰገንሽ ነሽ ይላሉ። አንዴ ልየውና ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ልዘን።»

ዘርትሁን በማግስቱ ወደ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ጽሕፈት ቤቱ ከደኑ በር አጠገብ ያለ ባለ አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ኃላፊው አቶ ፍስሐጽዮን ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ቆጣ ብለው የተናገሩት ሰው የለም፣ ለመጣው ሁሉ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ያለው ማሽን የጉዞውን ምክንያት ይጠይቃል፤ ከተፈቀዱት አንዱን ካልሰማ አይቀጥልም።

«ለቅሶ» አለች ዘርትሁን።

ማሽኑ ዝም አለ። እንደገና ተናገረች፤ እንደገና ዝም።

«የለበትም፣ እህቴ» አሉ አቶ ፍስሐጽዮን። «ዕረፍት አለ፣ ጤና አለ፣ ትምህርት አለ፣ መንፈስ ማደስ አለ። ለቅሶ የለም። ይግባ ብለን ጠይቀን ነበር፤ በሹክሹክታ የሚለቀስ ለቅሶ የለም ብለው መለሱልን።»

«ቢኖርስ?»

«ማ ነው የሚያለቅሰው? የጠጋኙ እናት?»

«አዎ። አለማምዳታለሁ። ከልኩ አታልፍም።»

ሰውየው በመስኮቱ ወደ ደኑ አዩ። እሳቸውም ማንደፍሮን ያውቁታል፤ ሁልጊዜ ጠዋት መሣሪያውን የሚቀበለው ከእሳቸው እጅ ነበር። «እኔ ልጄን ወይም እናቴን እንዲያ አለማምድ ብባል አልችልም» አሉ። ከዚያ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አሉ። «መንፈስ ማደስ። ከአዲስ አበባ የተመዘገቡ ጎብኚዎች አሉ፣ ከእነሱ ጋር ይዘሻት ግቢ። ዘርትሁን፣ ከጮኸች ግን እኔ ምንም ላደርግልሽ አልችልም። ነግሬሻለሁ።»

«ነግረውኛል።»

አስጎብኚ ሁሉ ለሠልጣኝ የሚያስረው የመለማመጃ አምባር ቤቱ አለው። በየምሽቱ ዘርትሁን ይህን አምባር በትርንጎ እጅ ላይ እያሰረች ታለማምዳት ጀመር። ትርንጎ መጀመሪያ አስቸገረች። የማንደፍሮን ለቅሶ ለልምምድ አላወጣም አለች፤ ያ የሚወጣው አንድ ጊዜ፣ በቦታው ነው። ስለዚህ በባሏ ለቅሶ ተለማመዱ። «የሱ እርም ከወጣ ቆየ፤ ቢደገምለት አይከፋውም» አለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ። የድሮውን ሙሾ እንደ ድሮው ስትጀምረው አምባሩ ቦግ ብሎ ቀላ፣ የጎረቤት ውሻም ጮኸ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ መያዝን፣ ደረቷን ሳትመታ እጇን ዝም ብላ ደረቷ ላይ ማሳረፍን፣ በአፍንጫዋ መተንፈስን ተማረች። ሳግ ሲመጣ መዋጥን ተማረች። ዘርትሁን ከፊቷ ተቀምጣ ዓይኗን ከአምባሩ ሳትነቅል፣ «ዝቅ፣ እማማ፣ ትንሽ ዝቅ» ትላለች።

በመጨረሻ አንድ ምሽት ትርንጎ የባሏን ሙሾ ከዳር እስከ ዳር አለቀሰችና አምባሩ አረንጓዴ እንደሆነ አለቀ። ዘርትሁን ደስ አላት፤ ልታጨበጭብ ምንም አልቀራትም ነበር። በኋላ ያን ደስታዋን ስታስበው ታፍራለች።

የገቡበት ቀን ብሩህ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት ጎብኚዎች አራት ናቸው፤ ሦስቱ አብረው የሚሠሩ ሴቶች፣ አራተኛው ንጋቱ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር። ዘርትሁን በበሩ ላይ፣ በመንገዳቸው አንዲት እናት የልጇን መቃብር እንደምታይ፣ ድምፅ ከልኩ ካለፈም የሚሰረዘው የራሷ ፈቃድ እንደሆነ ነገረቻቸው፤ ማንም ቅር አላለውም። ተመዘኑ፣ የሱፍ ጫማቸውን አጠለቁ፣ አምባራቸው ታሰረ። ትርንጎ የሱፉን ጫማ አይታ፣ «የቀበሩትም ይህን አድርገው ነው?» አለች በሹክሹክታ። ዘርትሁን ራሷን ነቀነቀች።

ኮሶውን አልፈው፣ ምንጩን ተሻግረው ዝግባው ጋ ደረሱ። መቃብሩ ላይ ሽበት መስሎ ነጣ ያለ ሣር በቅሎበታል፤ ድንጋይም መስቀልም የለውም፣ ከውጭ ዕቃ ማስገባት አይፈቀድምና። ከበላዩ፣ ከግንዱ መሃል፣ ማንደፍሮ ሊጠግነው የወጣው ጆሮ አለ። ሌላ ሰው ጠግኖታል፤ ይሠራል።

ትርንጎ ተንበረከከች። አፈሩን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፣ የተኛ ሰው ትከሻ እንደምትዳብስ። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች፣ በአፍንጫዋ ተነፈሰች፣ እንደተማረችው በሹክሹክታ አወጣችው፦

«ለዛፉ ሁሉ ጆሮ ስትሰቅል ከርመህ፣
እናትህ ስትጣራ ዝም አልካት ምን ሆነህ።»

አምባሩ አረንጓዴ ነው። ትርንጎ ሙሾዋን ጥላ አቆመች።

የለቅሶ ወግ ይህ ነው፤ አልቃሽ አውጥታ ትጥላለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላታል። ማንም ብቻውን አያለቅስም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹን የማያውቅ ሰው እንኳ አልቃሿ ስታቆም ዝም ካለ ጎረቤት ለዓመታት ያማዋል። ትርንጎ ዓይኗን አፈሩ ላይ እንዳደረገች ጠበቀች። ቀና ብላም አላየቻቸውም፤ የሚቀበላት ሰው እንዳለ አልተጠራጠረችም ነበር። ንጋቱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያፍተለትላሉ። ሴቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። ሁሉም የዘርትሁንን ሥራ አስበው አፋቸውን ዘግተዋል።

ትርንጎ ሙሾውን ደገመችው፣ አሁንም በሹክሹክታ። እንደገና አቆመች። እንደገና ጠበቀች። ከላይ አንዲት ወፍ ተንጫጫች።

ዘርትሁን ያኔ ገባት። የእናቲቱን ድምፅ አስተካክላለች፤ ሳጓን፣ እጇን፣ ትንፋሿን ሳይቀር አሠልጥናለች። ተቀባይ እንደሚያስፈልግ ግን አላሰበችም። በየምሽቱ ሁለቱ ብቻ ስለነበሩ፣ እሷም ዓይኗ አምባሩ ላይ ስለነበረ፣ ትርንጎ ብቻዋን ስታወጣና ብቻዋን ስትቀበል አልታወቃትም። ይህችን ሴት የልጇ መቃብር ላይ ብቻዋን እንድታለቅስ አለማምዳ አመጣቻት። ራሷን ጠላች።

ለሦስተኛ ጊዜ ትርንጎ «ለዛፉ ሁሉ ጆሮ» ብላ ጀመረች፤ መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ከዳት።

«ዋይ! ማንደፍሮ! ዋይ ወንድሜን!»

ዘርትሁን ጩኸቱን ስትሰማ ማን እንደጮኸ አላወቀችም ነበር። ሰፊ፣ ሻካራ፣ ዘመኑን ሁሉ ሳይወጣ የከረመ ድምፅ ነው። ቀልቶ ያየችው የራሷን አምባር ነው፤ አየችውና ሙሾውን ተቀበለች፣ እጇን ደረቷ ላይ እየመታች፣ «እናትህ ስትጣራ ዝም አልካት ምን ሆነህ!» ብላ። ያኔ ንጋቱ በወፍራም ድምፃቸው ተከተሏት፤ ሦስቱ ሴቶችም ተከተሉ። የሁሉም አምባር ቀላ። ትርንጎ ነጠላዋን ከአፏ አውልቃ ወረወረችውና ከአንጀቷ አለቀሰች፤ «ልጄ፣ ልጄ፣ ልጄ» እያለች መሬቱን በግንባሯ ነካች። ጉሬዛዎቹ እየዘለሉ ሸሹ፣ ከሸለቆው ማዶ የወፍ መንጋ ተነሣ። ደኑ ተረበሸ፣ ይህን መካድ አይቻልም፤ ዘርትሁንም እያለቀሰች የሸሹትን አይታ ለእነሱም አለቀሰች።

በሩ ላይ አቶ ፍስሐጽዮን ቆመው ይጠብቋቸዋል። ቀድመው ሰምተዋል፤ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ያለው ማሽን ነግሯቸዋል። ጎብኚዎቹ አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ ወጡ። ትርንጎ ከገባችበት ትንሽ ቀንሳ ወጣች። ማሽኑ የሚጮኸው ለጨመረ ነው፤ ስለ ጎደለ አይጠይቅም።

«መጀመሪያ የጮኸው ማን ነው?» አሉ ሰውየው። ከዚያ ፈጠን ብለው፣ «ጎብኚ ከሆነች ራሷን ስታ ነው ብዬ ላመለክት እችላለሁ። ታማ ነው ልል እችላለሁ» አሉ።

ትርንጎ፣ «እኔ ነኝ» አለች።

«አይደለችም» አለች ዘርትሁን። «እኔ ነኝ። እሷ ከልኩ አላለፈችም፤ ስጮህ የሷ አምባር አረንጓዴ ነበር።»

«ዘርትሁን…»

«እኔ ነኝ አልኩዎት እኮ።»

አቶ ፍስሐጽዮን አምባሩን ከእጇ ሲፈቱ ማያያዣው አልላቀቅ አላቸውና እሷው ረዳቻቸው። የሱፍ ጫማዋን አውልቃ ከሌሎቹ አጠገብ አስተካክላ አስቀመጠች። ደኑን ዞራ አላየችም። ብታይ እግሯ አይሄድላትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቷ ተቀመጠች። ከደጇ የጽዱ ጫፍ ይታያል፤ ስለዚህ በሩን ዘግታ መዋል ጀመረች። ምግብ አልበላ አላት፤ ጠዋት ልማዷ ሆኖ ትነሣና የምትሄድበት ሲጠፋት ጫማዋን እንዳደረገች አልጋዋ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ሥራ ነው፣ ሌላ ሥራ አለ ብላ ራሷን ለማጽናናት ሞከረች። ሥራ ብቻ እንዳልነበረ ግን ታውቃለች።

እሑድ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ስትከፍት ትርንጎ ናት፤ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። ፊቷ የከሳ ቢሆንም የሰው ፊት ነው። ከኋላዋ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተሰልፏል። አቶ ፍስሐጽዮንም ከመጨረሻ አሉ፣ የሥራ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። ትርንጎ ገባችና መሬቱ ላይ፣ ከአልጋው ሥር ተቀመጠች።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ» አለች።

እየገቡ ሁሉም እንዲያው አሉ። «እግዜር ያጥናሽ።» «ያጥናሽ።»

ዘርትሁን ደነገጠች። «ምነው እማማ፣ ማን ሞተብኝ?» አለች በሹክሹክታ።

«ደንሽ ነዋ። ዳግመኛ የማታዪው ሞቶብሻል እኮ፤ እኔ ይህን አላውቅም?» ትርንጎ እጇን ዘርግታ የዘርትሁንን ባዶ አንጓ ያዘች፣ አምባሩ የነበረበትን። «ተቀበልሽኝ። አሁን አንቺ አውጪው፣ እኛ እንቀበልሻለን።»

ዘርትሁን አንገቷን ደፋች። «ኮሶው…» አለች፤ «ምንጩ…» አለች፤ ከአጠገቧ የተቀመጡት እንኳ አልሰሟትም።

«ጮክ በይ» አለች ትርንጎ። «እዚህ ጆሮ የለም።»

ዘርትሁንም አለቀሰች። ኮሶውን በስሙ፣ ምንጩን በስሙ፣ ጉሙንና ጉሬዛዎቹን እየጠራች፣ ልጅነቷን ጨምሮ ያላወጣችውን ድምፅ ሁሉ አወጣች፤ ባቆመች ቁጥርም ቤት ሙሉ ሰው ተቀበላት።

በደኑ ዳር ባሉት ዛፎች ላይ የተሰቀሉት ጆሮዎች ያን ዕለት ድምፅ ሰምተው አስተላልፈዋል። የወሩ ሪፖርት ከነጎድጓዱና ከጭነት መኪናዎቹ ጋር አብሮ አስቀምጦታል፤ ከክልሉ ውጭ የመጣ ድምፅ፣ እርምጃ አያስፈልገውም ይላል።